ዳልቻ ቱላ ገባች

ስሙኝማ! የምነግራችሁ የአንዲት ድመት ነገር ነው። የእሷን ለመንገር ግን ከቤቱ መነሳት አለብኝ፤ ቤቱ ባይኖር እሷም አትመጣም ነበርና።

ከሀዋሳ ተነስታችሁ የዲላን አስፋልት ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትሄዱ፣ አላሙራ ተራራን ካለፋችሁ በኋላ ቱላ ትገባላችሁ። በመዝገብ ቱላ የሀዋሳ ከተማ ክፍለ ከተማ ናት። በዓይን ሲያዩዋት ግን እንሰትና ቡና፣ ጫትና ባሕር ዛፍ ከአዲስ ቆርቆሮ ቤት ጋር አጥር ለአጥር የሚኖሩባት አገር ናት። ሀዋሳ ከሐይቁ ዳር ከተቆረቆረች ገና አንድ የሰው ዕድሜ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረች ከተማ ናት። በዚያች አጭር ዕድሜ ሰፍታ ሰፍታ መጥታ እንሰቱ ጓሮ ገብታለች። እኛም ከዚያ መስፋት ጋር ከመጡት ነን።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ የኖርነው በሰው ግቢ ነበር። የተከራየ ሰው ይረዳኛል። ውሃው በወረፋ ነው፤ ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት ፈቃድ ይጠየቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፅ ይቀነሳል። ድመት ማሳደግማ ጭራሽ አይነሳም። አንድ ቀን ለአንዲት ቤት ለሌላት ድመት ፍርፋሪ ስጥላት አከራያችን አይተውኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ለሰው ነው ያከራየሁት» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ ግቢው የራሳቸው ነው። ያን ዕለት ግን በልቤ ቃል ገባሁ፤ የራሴ በር ሲኖረኝ በዚያ በር ድመት ትገባለች።

በሩ ተገኘ። ሁለት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ ሊሾ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤ ኮርኒስ ገና የላትም። የገባን ለት ሌሊት፣ በማገሩና በቆርቆሮው መሐል የሚንኮሻኮሸውን ስሰማ አይጦቹ ከእኛ ቀድመው መግባታቸው ገባኝ። ባለቤቴ በጨለማ ውስጥ፣ «ነገ ከገበያ መርዝ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«መርዝ አይደለም፣ ድመት ነው የምንፈልገው» አልኩት።

«ለአይጡ ብለሽ?»

«ለአይጡም ይሁን። ግን ለእኔም ነው።»

እስቲ እዚህ ላይ ልቁም። እኛ አገር ድመት ወደ ቤት የምትገባው እንደ ተቀጣሪ ነው። አይጥ ትያዝልን እንላለን፤ ያደረ እንጀራ ጥግ ላይ እንጥልላታለን፤ ምን ትወዳለች፣ ምን ትፈራለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስትሄድ ደግሞ፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለን እንተርትባታለን። ይህን ተረት ስሰማ ሁልጊዜ ለድመቷ ይቆረቁረኛል። ያ ዓመል እኮ ነው ከሰው ጋር ያገናኛት! የሰው ልጅ እህል ማረስና ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ የዱር ድመት አይጡን ተከትላ መጣች፤ በዚያው ቀረች። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከተቀበረ ሰው አጠገብ ድመት ተቀብራ አጥኚዎች አግኝተዋል። ቆጵሮስ በባሕር የተከበበች ናት፤ ድመት ዋኝታ አትደርስባትም። እንግዲህ ያን ጊዜ ሰው በጀልባ ሲሰደድ ድመቱን ይዞ ተሻግሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዘር ጥናት ደግሞ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ ከአንድ የዱር ድመት ወገን፣ ከመካከለኛው ምሥራቁ፣ እንደመጡ አሳይቷል። የዚያች የዱር ድመት ዘመዶች ዛሬም በእኛው አገር ቁጥቋጦ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ያድናሉ። ተቀጣሪ የምንላት የጥንት አብሮ አደግ ናት፤ እኔ የምለው ይህን ነው።

ወደ ቱላ ልመለስ።

ከእኛ አጥር ማዶ ሰፊ የእንሰት ጓሮ ያላቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። በገባን ማግስት ትኩስ ቆጮና ጎመን በሰሃን ይዘው መጥተው፣ «ጎረቤት ሳይበላ አይተኛም» ብለውን ነበር። የአይጡን ነገር ስነግራቸው ሳቁና እጄን ይዘው ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝ። ቀርከሃ በሚያስቀምጡበት ጎጆ ጥግ፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ፣ ድመታቸው ወልዳ ተኝታለች። ዓይናቸውን ገና የገለጡ ግልገሎች ሆዷ ሥር ተደራርበዋል። አንዷ ዳልቻ ናት፤ አመድ የመሰለች፣ ግንባሯ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ያላት።

«ይቺን» አልኩ።

«ውሰጂያት፤ ነገም ቢሆን ውሰጂያት» አሉኝ።

«ነገ አይሆንም እማማ። ስምንት ሳምንት እናቷ ጋ ትቆይ።»

ገረማቸው። እኔ ደግሞ ይህን ነገር አጥብቄ ይዤው ነበር። ግልገል ድመት ከጡት ብቻ አይደለም የምትለየው፤ ንክሻዋ የት ላይ እንደሚበዛ ከወንድሞቿ ጋር ስትታገል ትማራለች፤ ቦታ መርጣ መጸዳዳትንና አደንን ከእናቷ ታያለች። ቶሎ የተነጠቀች ግልገል ፈሪና ተናካሽ ሆና ልታድግ ትችላለች። ሌላም ነገር አለ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሰው እጅ የለመደች ግልገል ስታድግ ሰውን እምብዛም አትፈራም። ስለዚህ ማታ ማታ እማማ ጓሮ መሄድ ጀመርኩ። ዳልቻን ብድግ አድርጌ እጄ ላይ አስቀምጣትና እመልሳታለሁ። እማማም እዚያው ቁጭ ብለው ስለ እንሰቱ ያወሩኛል፤ ፍልፈል ሥሩን ከታች እንደሚበላው፣ ጃርት ደግሞ በሌሊት መጥቶ ግንዱን እንደሚቆፍረው። ድመቷ ግልገል ሳለች፣ እኔ ለሰፈሩ እንግዳ ሳለሁ፣ ሁለታችንም አንድ ጓሮ ውስጥ ሰው ለመድን።

የመውሰጃዋ ቀን ሲደርስ ሰፈሩ ምክር አዋጣ። የወፍጮ ቤቱ ጋሼ፣ «በማዳበሪያ ከረጢት ከተሽ አፉን እሰሪው፣ መንገዱን እንዳታይ፤ ካየች ትመለሳለች» አሉ። በልጅነቴም ሰው ድመት በጆንያ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ከውስጥ የሚወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። መንገድ የምታስታውሰው በዓይኗ ብቻ አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ታስራ የምትገባበት ቤት ደግሞ በጠላትነት የምትጀምረው ቤት ነው። እኔ ክዳን ያለው ቅርጫት ይዤ ሄድኩ፤ ከሥሩ እናቷ የተኛችበትን የእማማን አሮጌ ነጠላ ቁራጭ አነጠፍኩ። የእናቷ ሽታ አብሯት ይምጣ ብዬ ነው። እማማ ቅርጫቱን ሲከድኑልኝ በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ምርቃት መሆኑ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

ወደ ቤት አስገባኋትና የመኝታ ክፍሉን በር ዘጋሁ። ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ሰው አንዱን ለድመት ይሰጣል ወይ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይስጥ። ድመት አዲስ ቤት ስትገባ በአንዴ ሰፊ ቦታ ከተለቀቀባት መደበቂያ ፍለጋ ትጠፋለች። አንድ ክፍል ግን በአፍንጫዋ ጥግ ጥጉን ታጠናዋለች፤ ያንን ስትጨርስ ቀጣዩን ትጠይቃለች። ውሃዋን በአንድ ጥግ፣ ምግቧን ከውሃው ራቅ አድርጌ፣ ከሁለቱም ርቆ ደረቅ አሸዋ የሞላሁት ሳፋ አስቀመጥኩ። ከሱቅ ያመጣሁትን የዘይት ካርቶን በጎኑ አስተኝቼ የእማማን ነጠላ ውስጡ ጣልኩላት።

ቅርጫቱን ከፈትኩ። ዳልቻ ወለሉን ሁለት ጊዜ አሽትታ፣ ሆዷን ወደ ሊሾው አስጠግታ፣ አልጋው ሥር ገባች። በቃ። ባለቤቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጁን ወደ ውስጥ ሲሰድ ያዝኩት። «ተዋት» አልኩት። «እሷ እስክትወጣ አንጎትታትም።»

ያን ሌሊት ዝናብ ወረደ። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰውና ሰው አይደማመጥም፤ ለእሷ እንዴት እንደነበር አስቡት፤ እስከዚያ ቀን የምታውቀው ጣሪያ የእማማ ጎጆ ሣር ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ከአላሙራ በኩል ጅብ ጮኸ። ፍራሹን ወደ ወለሉ አውርደን እዚያው አደርን፤ በእኩል ከፍታ እንድትሰማን ብዬ። አልጋው ሥር ስትንፈራገጥ ይሰማናል፤ ግን አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት አለ፤ መጠለያ ከገቡ ድመቶች ለከፊሎቹ የመደበቂያ ሣጥን ተሰጣቸው፣ ለከፊሎቹ አልተሰጣቸውም። ሣጥን ያገኙት ፈጥነው ተረጋጉ። ጠዋት ላይ ዳልቻን የት አገኘኋት? ካርቶኑ ውስጥ፣ ነጠላው ላይ።

ድመት የተደበቀችበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሐሳብ ሩቅ ይሄዳል። የእኔ ዙላ ድረስ ሄደ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር የመጣው በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወደብ ነበር፤ የተመለሰውም በዚያው ነው። ጦሩ ሲመለስ ጽሑፍና ዘውድ፣ ታቦትና የአፄውን ልጅ ዓለማየሁን ይዞ ሄደ፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ አንዲት ነፍስም እንደሄደች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጎርደን ስቴብልስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት ድመት ሥዕል አለ። ስሟ ዙላ ነው። የካፒቴን ባሬት ሌናርድ ባለቤት ንብረት እንደሆነችና ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ እንደመጣች ተጽፏል። ዛሬ ዓለም የአቢሲኒያ ድመት የሚለው ዝርያ ታሪኩን ከእሷ ይጀምራል።

የዘር ጥናት የሚያመለክተው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው፤ የዝርያው መነሻ ከዚያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እኔ ስገምት፣ ያ ጦር ከቦምቤይ ዝሆን ሳይቀር በመርከብ ጭኖ የመጣ ነው፤ የመርከብ ድመት ደግሞ የትም አለች። ዙላ የእኛ ልጅ ትሁን ወይም ከዚያ ማዶ የመጣች መንገደኛ፣ ማረጋገጥ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት የዘር ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ ሲወጣ የተነበበው የአንዲት የአቢሲኒያ ድመት ነው፤ ሲናመን ትባላለች። ይህን ያህል ተጽፎላቸዋል። ዙላ እንግሊዝ ስትደርስ ግን በየትኛው አልጋ ሥር እንደተደበቀች፣ በብርዱ ማን ነጠላ እንዳነጠፈላት የጻፈ የለም። ዳልቻ ካርቶኗ ውስጥ ሆና ስታየኝ ያሳዘነኝ ይህ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ዓይኗን አፍጥጬ ማየት ተውኩ። ለድመት አፍጥጦ ማየት ማስፈራራት ነው። ፊቴን ትንሽ ዘወር አድርጌ ዓይኔን ቀስ ብዬ እከድናለሁ፣ ቀስ ብዬ እገልጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዙ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው፣ ሰው ዓይኑን በዝግታ ሲከድን ድመቶች መልሰው እንደሚከድኑና ወደዚያ ሰው ለመቅረብ እንደሚደፍሩ ጽፈዋል። ዳልቻም ከካርቶኗ ውስጥ ሆና ዓይኗን ጨፈነችልኝ። ስሟን በለሆሳስ እጠራለሁ፤ ምግብ ባስቀመጥኩ ቁጥር «ዳልቻ» እላለሁ። የጃፓን ተመራማሪዎች ድመት ስሟን ከሌላ ቃል ለይታ እንደምታውቅ አረጋግጠዋል፤ መልስ መስጠቱ የእሷ ፈቃድ ነው።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ድመት የሚጎዳው በዚህ ነውና። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ማዕድ ሲነሳ የተረፈውን እንጀራ በዶሮ ወጥ ለውሰው ወደ ዳልቻ ሰሃን ሊያደርጉ ሲሉ፣ «እማዬ፣ ይቅርታ፣ ወጥ አይሰጣትም» አልኳቸው። ደነገጡ። ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ወጣችን በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ጥሬም ሆነ የበሰለ ያው ነው። እንጀራው ሆድ ይሞላል እንጂ አያኖራትም። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋና ከአሳ ካላገኘች ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗም ይጠፋል። ወተትም ቢሆን ካደገች በኋላ ብዙዎቹን ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ስኳር ደግሞ ጭራሽ አይጣፍጣትም፤ ምላሷ ጣፋጭ የሚለይበት የለውም።

«ታዲያ በዚህ ኑሮ ሥጋ ከየት ይመጣል?» አሉ አማቴ። ልክ ናቸው። እኛም በየቀኑ ሥጋ አንበላም።

መልሱን ያገኘሁት ከሐይቁ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው ዳርቻ ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ፤ ሥጋው ተገፍፎ ለሰው ይሸጣል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ እዚያ ለሚጠብቁት አባ ኮዳ ወፎች ይጣላል። ባለቤቴ ወደ ሥራ ሲሄድ በዚያ በኩል ያልፋል። የዓሣ ጭንቅላት በትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በምርቃት፣ በፌስታል ያመጣል። እቀቅለዋለሁ፤ እሾሁን በጣቴ ለቅሜ አወጣለሁ፤ ሥጋውን በሾርባው እሰጣታለሁ። ከሥጋ ቤት ደግሞ ሳምባና ልብ ሲገኝ ጨው ሳይነካው ቀቅዬ እጨምርበታለሁ። በዚያ ሽታ ነው ዳልቻ መጀመሪያ ከመደበቂያዋ በቀን ብርሃን የወጣችው፤ አማቴ ፊት።

ሳፋው ላይ ያለው አሸዋም የራሱ ወግ አለው። በየቀኑ ይጠረጋል። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የጠረገ ሰው ይቀድመዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን አትጥረገው፤ ፅንስ ይጎዳልና። የባለቤቴ እህት ነፍሰ ጡር ሆና ስትመጣ «ድመቷን አውጪልኝ» አለች። ድመቷ አልወጣችም፤ ሳፋውን እኔ ጠረግሁ፣ እሷ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ጎመኑን በደንብ አጠብን፣ ጥሬ ሥጋ አልቀረበም። ተውሳኩ ከድመት ይልቅ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልት ሰው ቤት ሊገባ እንደሚችል ስነግራት ዝም ብላ አሰበች፤ ማታ ላይ ዳልቻ እግሯ ሥር ተኝታ አየኋት።

ዳልቻ ክፍሉን አጥንታ ስትጨርስ የመኝታውን በር ከፈትኩ። የክፍሉ ደፍ ላይ ቆማ ብዙ አሸተተች። ጉንጯን በመቃኑ ላይ አሸች፤ በአንድ በኩል፣ ከዚያ በሌላው። ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ፤ በዚያ ስታሽ ቦታውን የራሷ ታደርገዋለች። የቡናውን ረከቦት አሸች። የባለቤቴን ጫማ አሸች። እኔ ይህን ቤት የራሴ ነው ያልኩት ውሉን በፈረምኩ ቀን ነበር፤ ልቤ የገባው ግን እሷ መቃኑን ስታሽ ነው።

አይጦቹስ? ሽታዋን ሳያውቁት አልቀሩም፤ እሷ ገና አንድም ሳትይዝ የጣሪያው ሩጫ ቀነሰ። ጭንቀቴ ግን ያኔ ጀመረ። የወፍጮ ቤቱ ጋሼ ለአይጥ መርዝ እንደሚጥሉ ሰማሁ። እህል ያለበት ቤት ነው፤ አይጥ ያስመርራቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ አይጡ ወዲያው አይሞትም። ለቀናት እየደከመ፣ እየተንገዳገደ ይዞራል። እንዲህ ያለውን አይጥ ደግሞ ድመት በቀላሉ ትይዘዋለች። በልታው ከውስጥ ደምታ ልትሞት ትችላለች። በየሰፈሩ «ድመቴ ድንገት ሞተች» ከሚባለው አንዳንዱ እንዲህ ያለ ሳይሆን አይቀርም። የሚያሳዝነው፣ ድመቷ ስትሞት አይጡ ይበዛል፤ መርዙም ይበዛል።

ቡና አፍልቼ ጋሼን ጠራኋቸው። እማማም መጡ። ነገሩን እንዲሁ እንደ ነገርኳችሁ ነገርኳቸው። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «በእኛ ሃይማኖት አንዲት ሴት ነበረች ይባላል» አሉ። «ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ወጥታም ራሷ እንድትፈልግ ሳትለቃት ገደለቻት። በእሷ ምክንያት እሳት ገባች።» ቀጠሉና ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ግልገል ድመት ይዞ ይዞር ስለነበር አቡ ሁረይራ ተብሎ እንደቀረ አጫወቱን። «መርዙን አነሳዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አይጡን ግን ምን ላድርገው?» ያን ቀን ባለቤቴና ጋሼ የወፍጮ ቤቱን ቀዳዳ በጭቃና በቆርቆሮ ቁራጭ ሲደፍኑ ዋሉ፤ ጆንያዎቹንም ከመሬት አንስተው በእንጨት ቆጥ ላይ ደረደሩ።

በዚህ መሐል ፊቼ ደረሰ። ፊቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቀኑ በካሌንደር አይታወቅም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃና ከዋክብቱን አይተው ነው የሚያውጁት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዋዜማው ማታ እማማ ከእርጥብ እንጨት ሁሉቃ አሠሩ፤ ቤተሰቡና ከብቱ በእሱ ሥር አልፎ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። ልጆቻቸው አለፉ፤ ላሟና ጥጃዋ አለፉ። እኛንም ጠሩን። እኔ ዳልቻን በነጠላዬ ውስጥ አቅፌ ቆሜ ነበር፤ አፍሬ ወደኋላ ስል እማማ አዩኝና፣ «ጥጃ ካለፈ እሷ ለምን ትቀራለች? ነይ!» አሉ። አለፍን። ቡርሳሜ የሚባለው የቆጮ ምግብ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ገበታ ቀረበ፤ በቅቤ የራሰ፣ ከእርጎ ጋር። በማግስቱ፣ የአዲሱ ዓመት ቀን በሆነው በጫምባላላ፣ የሰፈሩ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ የእኛንም በር አንኳኩ፤ እማማ ባሳዩኝ መሠረት ያዘጋጀሁትን አቀረብኩላቸው። ዳልቻ ያን ሁሉ ጫጫታ ሰምታ ቁምሣጥኑ አናት ላይ ወጣች። ልጆቹ ሊያወርዷት ሲሉ፣ «ተዉዋት፤ እናንተ ቁጭ ስትሉ ትወርዳለች» አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ወረደች።

ሦስት ወር ሲሞላት ክትባት ወሰድኳት። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ስለሆነ ሰው ድመትን ይረሳል፤ ድመትም ትያዛለች፣ ነክሳም ታስተላልፋለች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ለሰውም ለእንስሳም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሀዋሳ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ሐኪም አይጠፋም። ባጃጅ ውስጥ ቅርጫቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሄድ የእማማ ልጅ የእናቲቱን ድመት በሌላ ቅርጫት ይዛ አጠገቤ ነበረች። ሐኪሙ ሁለቱንም ከተበ፤ እናቲቱ በየጊዜው እየወለደች እንዳትጎሳቆል ማምከን እንደሚቻልም ነገረን። እማማ፣ «አንድ ጊዜ ደግማ ትውለድና ከዚያ በኋላ» አሉ።

ያቺ አንድ ጊዜ ደረሰች። ከግልገሎቹ መሐል ጥቁሩን ጋሼ መረጡት፤ ለወፍጮ ቤቱ። ስምንት ሳምንቱን ማታ ማታ እየመጡ፣ ነጭ ዱቄት በነካው እጃቸው እያሻሹት ጠበቁ። ከረጢት አላመጡም፤ የሻይ ቅጠል ካርቶን ጎኑን በስተው ይዘው መጡ። ከወፍጮው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ጠርገው፣ አሸዋውን በሳፋ አዘጋጅተው፣ የእማማን ነጠላ ቁራጭ ተቀብለው ሄዱ። ማታ ላይ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ጆንያው ሥር ገብቷል፤ አይወጣም።»

«አይጎትቱት ጋሼ። ውሃውን ያስጠጉለት። ነገ ወፍጮውን ሲያስነሱ የዚያችን ክፍል በር ይዝጉለት፤ ድምፁ እንዳይበዛበት። እኔ ጠዋት የዓሣ ሾርባ ይዤ እመጣለሁ።»